በሁዳዴ የአይሪሽ ቁርስ ፍለጋ

መቀመጥ አልወድም። እናቴ በልጅነቴ «ይቺ ልጅ እግሯ ውስጥ ጉንዳን አለ» ትል ነበር፤ ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ ጉንዳኑ ባሰበት። አውቶቡስ ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ ብረቱን ይዤ ቆሜ እሄዳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስብከቱ ሲረዝም ቀስ እያልኩ ወደ በሩ እጠጋለሁ። ስልክ ሳወራ ገመዱ እስከፈቀደልኝ ድረስ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። አላርፍ ያለች ጣት ምን ጠንቁላ እንደምትወጣ ተረቱ ይናገራልና፣ እኔም የጠነቆልኩትን ልናገር።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ዌስት አዳምስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቤት ተቀጥሬ እኖር ነበር። ሰውየው አየርላንድ ተወልደው በጎረምሳነታቸው አሜሪካ የመጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቧንቧ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ገና በቅርብ ነው የሞቱባቸው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሎንግ ቢች ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች፤ የቀጠረችኝ እሷ ናት። ከኩሽናው ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ለእኔ ተሰጠች። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ። ማንም የማይክደኝ ነገር ቢኖር ቤቱን አንድም ቀን አቧራ አላስነካሁትም። ሥራ ባይኖርም ፈልጌ አገኛለሁ፤ የተጠረገ ወለል መልሼ እጠርጋለሁ።

ችግሩ አንድ ነበር፤ ሽማግሌው አይበሉም። ያቀረብኩላቸውን ሁሉ «አመሰግናለሁ፣ በጣም ጥሩ ነው» ይላሉ፤ ሁለት ጊዜ ጎርሰው ሹካውን ያስቀምጣሉ። ኦትሚል አበሰልኩ። የዶሮ ሾርባ ሠራሁ። ድንች ይወዳሉ ሲባል ድንች በየዓይነቱ አቀረብኩ። እኔ ደግሞ ሲበሉ ከምድጃው አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ሳይሆን ቀጥ ብዬ፣ እጄን ከፊቴ አጣምሬ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ እቆማለሁ። ትልቅ ሰው ሲበላ ቆሞ ማስተናገድ ያደግኩበት ወግ ነው፤ ውሃ ቢሉ ውሃ፣ ጨው ቢሉ ጨው። መቀመጥ ለማልወድ ለእኔ ይሄ ወግ በልኬ የተሰፋ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ልጅቱ እንደ ልማዷ ጠዋት መጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷን መታጠቢያ ቤት ባለው ሚዛን ላይ ታቆማቸውና ቁጥሩን በትንሽ ደብተር ትጽፋለች። የዚያን ቀን ቁጥሩን አይታ ደብተሩን አልከፈተችም። ኩሽና ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ» አለችኝ። «በሁለት ሳምንት ውስጥ መብላት ካልጀመረ ቤቴ አቅራቢያ ወዳለ የአረጋውያን መጦሪያ አስገባዋለሁ። ፎርሙን አምጥቻለሁ። አንቺ ጥፋት የለብሽም፤ ግን አባቴ ዓይኔ እያየ እንዲያልቅ አልፈቅድም።»

አልዋሽም፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ክፍሌ ነው። ሽማግሌው ከወጡ ቤቱ ይሸጣል፤ እኔም ሻንጣዬን ይዤ እንደገና የሰው ሶፋ ላይ። ቀጥሎ ግን ሰውየውን አሰብኳቸው። ያን ቤት ጣራውን ሳይቀር በእጃቸው ነው የጠገኑት። ከአትክልቱ ቦታ እስከ ደጃፉ ስንት እርምጃ እንደሆነ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል። መጦሪያ ሲባል እንደሰሙም ያወቅኩት ወዲያው ነው፤ ልጅቱ ስትሄድ ሳሎን ተቀምጠው የተገለበጠ ጋዜጣ ያነቡ ነበር።

«ምን ባመጣልዎ ይበላሉ?» አልኳቸው። «እውነቱን ይንገሩኝ።»

 እንደማፈር ብለው «የአገሬን ቁርስ» አሉ። «እውነተኛውን። እዚህ አገር የሚሠሩትን አይደለም።»

የመብራት ሒሳብ የመጣበትን ፖስታ ገልብጬ የነገሩኝን ሁሉ በአማርኛ ጻፍኩ። እሳቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ መጨረሻው ላይ ግን እጄ ቆመ። ቢሆንም ጻፍኩት።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ፌርፋክስ ሄድኩ። ያኔ የሐበሻ ምግብ ቤት ፌርፋክስ ላይ እንደ ዛሬው ጎን ለጎን አልተደረደረም፤ ገና አንድ ሁለቱ መከፈታቸው ነው። ባለታክሲው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ሥራ ፈላጊው እዚያ ይሰበሰባል፤ ከተማይቱን ከካርታ ይልቅ እነሱ ያውቋታል። ሁዳዴ ስለነበር ጠረጴዛው ላይ ሽሮና ምስር ብቻ ነው ያለው። ቆሜ ጥያቄዬን አቀረብኩ፤ ለማስታምማቸው ሽማግሌ የአይሪሽ ቁርስ የት ይገኛል?

«አይሪሽ እንግሊዝ ማለት አይደል እንዴ?» አለ አንዱ።

«ሽማግሌው ፊት እንዳትላት። ሶ፣ እኔ ፓርክ የማደርግበት ሆቴል ብሬክፋስት አለ፤ ያገኘሽውን ያህል ትበያለሽ» አለ ሌላው።

«ምንድነው እሱ ቁርሱ? እስቲ አንብቢው» አሉ ጥግ ላይ የተቀመጡት ባለታክሲ። እኚህ ሰው የወሎ ሰው ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው፤ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉና ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዓርብ ዓርብ የጾም ምግብ ፍለጋ እዚያ ለምን እንደሚመጡ ሲጠየቁ «ሽሮ ሃይማኖት የላትም» የሚሉ ሰው ናቸው።

ፖስታውን አውጥቼ አነበብኩ። «እንቁላል። ቲማቲም የተጠበሰ። እንጉዳይ። ጥቁር ዳቦ። ጠንካራ ሻይ። ቤከን፣ ከጀርባ የተቆረጠ፣ ወፍራም። ቋሊማ።» ቆም አልኩ። «ከአሳማ ደም የተሠራ ጥቁር ቋሊማ።»

 የምግብ ቤቱ ባለቤት ሳህን እንደያዘች አማተበች።

«በሁዳዴ?» አለች።

«ለእኔ አይደለም እኮ።»

ጋሼ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «በእናንተ ሁዳዴ ነው፤ በእኔ ዓመቱን ሙሉ ሐራም ነው። ኦኬ፣ እኔ ድራይቭ አደርግልሻለሁ። ሁለታችንም የማንቀምሰው ዕቃ መንገድ ላይ አይጎድልም።»

እንዲህ ሆነን ጀመርን። ማክሰኞ ጋሼ አንድ ቦታ አገኘሁ አሉኝ፤ መስኮቱ ላይ ባለ ሦስት ቅጠል አረንጓዴ ሥዕል የተሳለበት ቁርስ ቤት። ሽማግሌውን ኮፍያቸውን አስደፍቼ፣ ኮት አልብሼ በጋሼ ታክሲ ይዣቸው ሄድኩ። የመጣው ሳህን ላይ የተከተፈ የጨው ሥጋ ከድንች ጋር ተደባልቋል፤ አጠገቡ አረንጓዴ ቀለም የተቀላቀለበት ፓንኬክ አለ። ሽማግሌው ሳህኑን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህን ነገር ያየሁት አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ነው» አሉ።

ንዴቴን መቋቋም ስላቃተኝ ወጣሁ። ደጁ ላይ የሕዝብ ስልክ ነበር፤ የስልክ ማውጫው ላይ አይሪሽ የሚል ስም ያለበትን ቤት ሁሉ እየደወልኩ በአንድ እግሬ ቆሜ በሌላው መሬት እመታለሁ። አንዱ መጠጥ ብቻ ነው አለኝ። አንዱ ዘጋብኝ። አንዱ ዳንስ ማስተማሪያ ሆነ። ተመልሼ ስገባ ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያወራሉ። ሽማግሌው ሁለት ቁራሽ ዳቦ በልተዋል፤ ያን የተናቀ ድንችም ግማሹን ጨርሰዋል።

«ብሉ ብለዋቸው ነው?» አልኳቸው ጋሼን በአማርኛ።

«ኧረ ምንም አላልኩም። እንቁላሌን በላሁ፣ ሻዬን ጠጣሁ። ስለ ፍሪዌይ ተጨቃጨቅን። ሰውየው ቴን የሚሉት ፍሪዌይ ሲሠራ አይተዋል፤ እኔ ደግሞ በየቀኑ ትራፊክ ይዞኝ ስቆምበት እኖራለሁ።»

እኔ ብልጧ ምን ገባኝ? ያስበላቸው ዳቦው ነው ብዬ ገባኝ። ስንወጣ አስተናጋጇን ይህን ዳቦ ከየት ነው የምታመጡት ብዬ ጠይቄ፣ ጋሼን በሦስት መንገድ አዙሬ ያንኑ ዳቦ ገዛሁ። በነጋታው ጠብሼ፣ ቅቤ ቀብቼ፣ አቀረብኩና ቦታዬ ላይ ቆምኩ። አንድ ጊዜ ገመጡት። «አመሰግናለሁ፣ በጣም ጥሩ ነው» አሉና ሹካውን እንኳ ሳያነሱ ተነሱ።

ቅዳሜ ሚዛኑ ሁለት ፓውንድ ቀንሶ ተገኘ። ልጅቱ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ በወደድኩ። አባቷን ትከሻቸውን ዳበስ አድርጋ፣ ለእኔ ራሷን ነቅንቃ ወጣች። አንድ ሳምንት ቀረኝ። የዚያን ቀን ያልታጠበ መጋረጃ አልቀረም።

ጋሼ ሐሙስ ጠዋት በር አንኳኩ። «ሳንታ ሞኒካ» አሉ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ። «ኤርፖርት የወሰድኳት እንግሊዛዊት ነገረችኝ። ከባሕሩ ትንሽ ገባ ብሎ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ግቢ።»

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከወለል እስከ ጣራ ሻይና ብስኩት ተደርድሯል። ባለሱቋ ነጭ ጸጉር ያላቸው ሴትዮ ናቸው። ፖስታዬን እያየሁ በእንግሊዝኛ ዘረዘርኩላቸው። ሴትዮዋ አንድም ጊዜ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ኋላ ገብተው ሁሉንም ይዘው ወጡ፤ ወፍራሙን ቤከን፣ ቋሊማውን፣ ጥቁሩን። እንዴት እንደሚጠበስም በጣታቸው እያሳዩ አስተማሩኝ።

«ለአባትሽ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም» ልል ነበር። አፌ ግን «አዎ» አለ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ስወጣ ጆሮዬ ድረስ ግሎኝ ነበር።

ጋሼ የመኪናቸውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ቀድመው ከፍተው ውስጡን በጋዜጣ ሦስት ድርብ አንጥፈውታል። እኔ ጥቅሉን በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ አስቀመጥኩ፤ እሳቸው በክርናቸው ዘጉት።

«ፖሊስ አስቁሞ ይሄ የማነው ቢለን ምን እንላለን?» አልኩ።

«የሰው ዕቃ ነው እንላለን። እውነት ነው እኮ፤ አንቺም አትነኪው፣ እኔም አልነካው፤ አሳማው ራሱ ባለቤት ያጣ ነው።»

እስከ ዌስት አዳምስ ድረስ ሳቅን። ውስጤ ግን አላረፈም። ይህም ካልሆነ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ተነሳሁ። መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ፤ የፕላስቲክ ጓንት አጠለቅኩ፤ «ማረኝ» እያልኩ ቋሊማውን መጥበሻ ላይ አስቀመጥኩ። ቲማቲሙንና እንጉዳዩን ግን በራሴ የጾም መጥበሻ፣ በዘይት ጠበስኩ፤ ቢያንስ ግማሹ ሳህን ንጹሕ ይሁን ብዬ። ሻዩን እንደነገሩኝ አጠቆርኩት። ሁሉንም በትልቁ ሳህን ላይ ደርድሬ አቀረብኩና ወደ ግድግዳዬ ተመለስኩ። እጄን አጣመርኩ። ዓይኔን መሬት ጣልኩ።

ሽታው ሲደርሳቸው ዓይናቸው እንደረጠበ ሰርቄ አይቻለሁ። ጥቁሩን ቆረሱ፣ ጎረሱ፣ ቀስ ብለው አላመጡ። «እሱ ነው» አሉ። «ራሱ ነው።»  ቋሊማውን ቆረሱ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። እያዩኝ ሹካውን አስቀመጡ።

ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። እግሬ እስኪቀጥን ዞሬ፣ በሁዳዴ የአሳማ ደም ተሸክሜ፣ ጨዋ ሰው በታክሲው ዕቃ መጫኛ ሐራም አስጭኜ!

«ነገ ቅዳሜ ነው» አልኳቸው።  «ነገ ልጅዎ ትመጣለች። ካልበሉ ይወስዱዎታል። ምን ጎደለው? የጎደለውን ይንገሩኝና ልሂድ ላምጣ።»

«ምንም አልጎደለውም» አሉ። ሳህኑን በጣታቸው ትንሽ ገፋ አደረጉት። «እናቴ ትልቅ ቤት ውስጥ ሠራተኛ ነበረች። ባለርስቶቹ ይህንኑ ቁርስ ሲበሉ ግድግዳው ጋ ትቆማለች። እጇን እንደ አንቺ አድርጋ። ዓይኗን መሬት ላይ እንደ አንቺ ጥላ። አንድ ጊዜ በመስኮት አይቻታለሁ። ቤት ስትመጣም የራሷን እራት ቆማ ነበር የምትበላው፤ መቀመጥ ረስታ ነበር።» በእጃቸው ወደ ግድግዳዬ አመለከቱ። «አንቺን ሳይ እናቴን አስቁሜ የምበላ ይመስለኛል። አይወርድልኝም።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ አልደብቅም። እኔ ገረድ ስለሆንኩ አይደለም የምቆመው! «እኛ ዘንድ መቆም ክብር ነው» አልኩ። «ለአባቴም የምቆመው እንዲሁ ነው።»

«እኛ ዘንድ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጾም ላይ ነኝ ብለሽኛል። መቆሙም የሃይማኖትሽ ሥርዓት መስሎኝ ነው። የሰው ሥርዓት እንዴት አፈርሳለሁ?»

እኔ እሳቸውን አከብር ብዬ ቆምኩ፤ እሳቸው እኔን አከብር ብለው ተራቡ። ቁርስ ቤቱ ትዝ አለኝ፤ ዳቦው አልነበረም። ጋሼ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው እንቁላላቸውን እየበሉ ስለ ፍሪዌይ ስለተጨቃጨቁ ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለውን ተረት ከእናቴ ጓዳ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ለዘመድና ለጎረቤት እንጂ ለቀጣሪ የሚሠራ አልመሰለኝም ነበር። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በኩሽናው ውስጥ ያለው ወንበር ሁለት ብቻ ነው። ሁለተኛው የሚስታቸው ነው፤ ሴትዮዋ የሰፉት አበባ ያለው ትራስ አሁንም ላዩ ላይ አለ። በየቀኑ አቧራውን እጠርገው ነበር እንጂ ጎትቼው አላውቅም። ሽማግሌው በአገጫቸው አመለከቱኝ። ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሹካውን አላነሱም። ባዶ እጁን ፊት ለፊት ተቀምጦ የበላተኛ አፍ የሚያይ ሰው ከቆመው ይብሳል፤ እሱን የማያውቅ አገር የለም። ሰዓቱ ገና ጠዋት ነው። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀምስም። ተነሳሁ፤ ትንሽ ሳህን አመጣሁ፤ ከራሴ መጥበሻ የቀረውን ቲማቲምና እንጉዳይ ጨለፍኩ፤ አንድ ቁራሽ ዳቦ ያለ ቅቤ ጨመርኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩና በልቤ «ይቅር በለኝ» ብዬ ጎረስኩ።

ሽማግሌውም ጎረሱ። ሚስታቸው እንጉዳይ ይጠሉ እንደነበር ነገሩኝ። እኔም አባቴ ገበያ ሲሄድ የሚያመጣልንን ሸንኮራ ነገርኳቸው። ጥቁሩን ጨረሱ፣ ቤከኑን ጨረሱ፣ ሳህኑ ላይ የቀረውን የእንቁላል አስኳል በዳቦ ጠረጉት። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን አልተነሳሁም።

ይህን ኋላ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። ስገጂ አሉኝ፤ ሰገድኩ። ተጸጽተሻል ወይ ብለው ግን አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ መዋሸቴ ነበር።

ቅዳሜ እንደገና አበሰልኩ። ለሁለት አቀረብኩ፤ ለእሳቸው በትልቁ ሳህን፣ ለእኔ በትንሹ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ግማሽ ሳንደርስ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ የውጩ በር ቁልፍ። የእግሯ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ።

እኔ ማሰብ ሳልጀምር እግሬ ቀድሞኝ ተነሳ። የቀጠረችኝ ሴት መጣች፤ እኔ የሟች እናቷ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አፌን ሞልቼ! ሳህኔን ይዤ ወደ ግድግዳው ሁለት እርምጃ ተራመድኩ። ዘወር ስል ሽማግሌው ሹካቸውን ሊያስቀምጡ ነው። እጃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ደርሷል። ልጅቱ ልታይ የመጣችው ያን እጅ ነው።

ለእሷ ብቆም እሳቸው ይሄዳሉ። ለእሳቸው ብቀመጥ እኔ እባረር ይሆናል። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በሩ ተከፈተ። ልጅቱ ቡናማ ፖስታ በብብቷ ይዛ ቆመች። አባቷን አየች፤ ሳህኑን አየች፤ እኔን አየች። ከሁሉም ይበልጥ ወንበሩን አየች።

«ያ የእማዬ ወንበር ነው» አለች።

 ዳቦዬን ሳህኔ ላይ አስቀመጥኩ።

«ነበር» አሉ ሽማግሌው። ቋሊማ ቆረሱ፣ ጎረሱ፣ አላምጠው እስኪውጡ አስጠበቋት። «ባዶውን እያየሁ መብላት አቅቶኝ ነበር። አሁን ሰው አለበት። አንቺም ቁጭ በይ፤ በዚህ ቤት ሰው ግድግዳ ላይ አይቆምም።»

ልጅቱ ከሳሎን አንድ ወንበር ጎትታ አመጣች። ፖስታውን እግሯ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠችው። ለረጅም ጊዜ አባቷ ሲበሉ ብቻ አየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ከሳህናቸው ላይ አንድ ቋሊማ በጣቷ አነሳችና ገመጠች፤ እየገመጠች አለቀሰች። ሚዛኑን የዚያን ቀን ማንም አላነሳውም።

እኔ መነሳት አለብኝ። ሴትየዋ ሻይ የላትም፤ ሳህን የላትም፤ ማንኪያ የላትም። እናቴ ያሳደገችው አካሌ ሁሉ ተነሽ፣ ቅጂ፣ አቅርቢ እያለ ይጮህብኛል። ሽማግሌው አዩኝ፤ ሹካቸው እጃቸው ላይ ነው። ልጅቱ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ የሻዩን በራድ ራሷ አነሳች፤ ለራሷ ቀዳች፤ ከዚያ ሳትጠይቀኝ በእኔም ስኒ ላይ ጨመረች።

የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጄ ከሥር ጨብጬ ይዤ ተቀመጥኩ።